በጢስ ውስጥ የሚያዩ ዓይኖች

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። ባለፈው እሑድ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት የማከብራቸው እናት እጄን ይዘው፣ «ዘነበች፣ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምትሠሪው? ካሜራ ፋብሪካ ነው አሉኝ» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ እማማ፣ ካሜራ ነው» ብዬ አለፍኩ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ልጄ ሜሮን፣ «ማሚ፣ ዛት ኢዝ ኖት ትሩ። ለምን አልነገርሻቸውም?» አለችኝ። ለማስረዳት ረጅም ነው አልኳት። «ዜን ራይት ኢት ዳውን» አለችኝ። እኔም ልጽፈው ተቀመጥኩ።

እኛ የምንሠራው ካሜራውን ሳይሆን በካሜራው ውስጥ ያለውን ዓይን ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ብርሃን ይሰጣል፤ ሰውም፣ ድመትም፣ የተጣደ ድስትም፣ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳም። ያ ብርሃን ከቀይ ቀለም ወዲያ ስለሆነ የእኛ ዓይን አያየውም፤ ኢንፍራሬድ ይሉታል። እኛ ስንሠራው የኖርነው ሴንሰር የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። በላዩ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ድልድዮች ተደርድረዋል። ሙቀት ሲያርፍባቸው ድልድዮቹ በጥቂቱ ይሞቃሉ፤ ሲሞቁ በውስጣቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ከዚያ ለውጥ ምስል ይወጣል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጥቁር ጢስ ወደ ሞላው ቤት ሲገባ የወደቀውን ሰው የሚያገኘው፣ የገባበትንም በር መልሶ የሚያገኘው በዚህ ነው።

ድልድዮቹ እንዲሠሩ ግን በዙሪያቸው አየር መኖር የለበትም። አየር ካለ ያገኙትን ትንሽ ሙቀት ወዲያው ይወስድባቸዋል፤ ብርድ ልብስ እንደ ተገፈፈ ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ ሴንሰሩ በትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ አየሩ በሙሉ ተስቦ ወጥቶ፣ በላዩ ክዳን ተበይዶ ይዘጋል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ያንን አየር በማስወጣትና ተመልሶ እንዳይገባ በመዝጋት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሳን ሆዜ ነው። በካርቱም በኩል ዞረን ኦክላንድ ከገባን ሁለት ዓመት ሳይሞላን በኤጀንሲ በኩል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የሚበየድበት ፋብሪካ ገባሁ። በካርፑል፣ በአንድ መኪና፣ ከሦስት ሴቶች ጋር እየተመላለስኩ አራት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ዘመን የቀረኝ ትዝታ ትንሽ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሽንት ቤት ስንሄድ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። አንድ ሰኞ ጧት ስንደርስ መስመሩ ወደ ሌላ አገር ሊዛወር ነው ተባልን፤ ሌይኦፍ ሆንን፣ ከሥራ ተቀነስን።

ሁለተኛው የሥራ ቦታዬ ሳኒቬል ነበር። አርባ የማንሞላ ሰዎች የምንሠራበት ትንሽ ድርጅት ነው፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም። ለቃለ መጠይቅ የገባሁ ዕለት ያገኘኋቸው እዚያ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ፊሊፒናዊት ሎይዳ ናቸው። ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል። በእንግሊዝኛ አንቱ ማለት አይቻልም እንጂ በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበሩ። ስለ ሥራ ልምዴ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ከራሳቸው ላይ አንድ ዘለላ ጠጉር ነቅለው ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጡና ሁለት ወረንጦ ሰጡኝ።

«ቋጥሪው» አሉ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ እጄ ቀጭን ሥራ ያውቃል። ቢሆንም ጠጉሩ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። በሦስተኛው ቋጠርኩት። በማግስቱ ደውለው መቀጠሬን ነገሩኝ። ከወራት በኋላ ለምን እንደመረጡኝ ስጠይቃቸው፣ «ከአንቺ በፊት የመጣችው ልጅ በአንድ ጊዜ ቋጥራዋለች» አሉኝ። «አንቺ ሁለት ጊዜ ስተሽ አልተናደድሽም። እዚህ የምንስተው ብዙ ነው።»

ሎይዳ ከሁሉም ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገባሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በተራ ሳሙና ይታጠባሉ። ሎሽን አይቀቡም፣ ሽቶ አይነኩም፤ የልጃቸው ሠርግ ማግስት እንኳ ፀጉራቸውን ሦስት ጊዜ ታጥበው ነው የመጡት። ከታጠቡ በኋላ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። «እጅም እንደ ሰው ከመንገድ ሲገባ ማረፍ አለበት» አሉኝ።

ሴንሰሩን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ከጠጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ ነው። ያንን ሽቦ ከሴንሰሩ ጠርዝ ወደ ሣጥኑ እግሮች አንድ በአንድ መስፋት ነበር የመጀመሪያ ሥራዬ። በጣም ከተጫኑት ሥሩ ይሰነጠቃል፤ ከላላ በሚቀጥለው ሳምንት ይነሣል። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሰፋው። ሎይዳ ከኋላዬ ቆመው አዩኝና፣ «ትንፋሽሽን አትያዢ። የያዝሽው ትንፋሽ እጅሽን ያንቀጠቅጠዋል። አውጪውና ሌላ ከማስገባትሽ በፊት ባለችው ባዶ ቅጽበት ላይ ስፊ» አሉኝ። ዛሬም መርፌ ክር ሳስገባ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አንድ ደብተር ነበራቸው። የተበላሸ ሴንሰር ሲያጋጥም አይጥሉትም፤ ገጹ ላይ በፕላስተር ይለጥፉትና ምን እንዳበላሸው ከሥሩ በእርሳስ ይጽፋሉ። «የጣት ቅባት።» «ሽቦው ተነካ።» «ክዳኑ ዘመመ።» ማን እንዳበላሸው ግን አይጽፉም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስም ከጻፍኩ ሰዎች መዋሸት ይጀምራሉ» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው ስህተቱን ነው።»

ደሞዙ ኪራይ ይከፍላል፣ ኢንሹራንስም ነበረው፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በዘጠነኛው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን ግሬግ ጠርቶ ሊድ፣ የክፍሉ መሪ፣ አደረገኝ። ግሬግ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀኑ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር አይታየውም፤ ዕቃው ሺፕ መደረጉን፣ ለደንበኛ መላኩን፣ ብቻ ነው የሚያየው። ሎይዳ የመጨረሻውን ምርመራ ይሠራሉ፤ የምድጃውንና የመዝጊያውን ሥራ እኔ እመራለሁ። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ኬክ ገዝቼ ገባሁ።

ያጠፋሁት በዚያው በመጀመሪያው ወር ነው።

ሣጥኖቹ ከመዘጋታቸው በፊት አየሩ ተስቦ በሚወጣበት የቫኪዩም ምድጃ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ይጋገራሉ። ብረት ደረቅ ይመስላል እንጂ ከአየር የጠጣው እርጥበትና ጋዝ በላዩ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ በሙቀት ቀስ ብሎ ካልወጣ በኋላ በተዘጋው ሣጥን ውስጥ ይለቀቃል። ሁለቱ ቀን መቋረጥ የለበትም። ከተቋረጠ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይቆጠራል። ከዕቃው ጋር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄድ ትራቭለር የምንለው ወረቀት አለ፤ በላዩ ላይ «ያለ መቋረጥ» የሚል፣ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሎይዳ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ፈቃድ ወስደዋል። ምድጃው ውስጥ አሥራ አራት ሴንሰሮች ነበሩ፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ካሜራ የሚገቡ። ከምሳ ስመለስ የምድጃው መብራት ጠፍቷል። የእኛ ክፍል ብሬከር ብቻ ነበር የወደቀው፤ ሌላ ሰው አላወቀም። አነሣሁት። ሰዓቴን ሳይ ከክፍሉ ከወጣሁ አርባ ደቂቃ ሆኖኛል። ፓምፑ እንደገና መሳብ ጀመረ፤ የግፊት መለኪያውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ወረደ። ቁጥሩ ያምራል። ከዜሮ ብጀምር ግን ዕቃው ለነገ አይደርስም።

ግሬግ በዚያው ሰዓት ራሱን በበሩ አስገብቶ፣ «ዜኒ፣ ነገ ሺፕ እናደርጋለን አይደል?» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ማንም አላዘዘኝም። እሱም ስለ ብሬከሩ አያውቅም። ማታ ወረቀቱን ሞላሁና «ያለ መቋረጥ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። በማግስቱ ክዳኖቹን ዘጋን፤ ሎይዳም ተመልሰው አንድ በአንድ መረመሩ፤ አሥራ አራቱም አለፉ። እኔም ረሳሁት። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ አልረሳሁትም፤ ስላለፉ ትክክል የሆንኩ መሰለኝ።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ጧት ከሌላ ስቴት አንድ ካሜራ በካርቶን ተጠቅልሎ መጣ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሚነድ መጋዘን ውስጥ እያለ ምስሉ ግራጫ ሆኖ ጠፍቶበታል። የገባበትን በር ማግኘት አልቻለም። ጓደኞቹ ፈልገው አወጡት፤ ሳንባው ግን ተጎድቷል፤ ሆስፒታል ተኝቷል። ኢንጂነራችን ራጄሽ ሴንሰሩን ፈትሾ በሣጥኑ ውስጥ ጋዝ አገኘ።

ግሬግ ሎይዳን፣ ራጄሽንና እኔን ሰበሰበን። ራጄሽ፣ «የክዳኑ ብየዳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደህና ነው። ግን ጋዝ ገብቷል። ምናልባት በምርመራው ያልታየ ቀጭን ስንጥቅ ይኖራል» አለ። የመጨረሻው ምርመራ ፊርማ የሎይዳ ነው። ግሬግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሎይዳ፣ ዓይንሽን ሐኪም ካየልሽ ምን ያህል ይሆናል?» አላቸው።

ሎይዳ ጥቂት አሰቡና፣ «ቆይቷል» አሉ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሆነ። ሎይዳ አዲስ መነጽር አድርገው መጡ። ድሮ አንዱን ዕቃ አንዴ ዞር አድርገው አይተው የሚያሳልፉት ሴት ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ማየት ጀመሩ። ሥራው ይከመርባቸዋል፤ ምሳ አይወጡም። እኔ ቤት ገብቼ እንቅልፍ ያጣሁት ስለ ሥራዬ ነበር። ሌላ ቦታ ማን ይቀጥረኛል፣ ሜሮን ኮሌጅ ልትገባ ነው ብዬ እየፈራሁ፣ አንድ ቀን ተጨማሪ፣ አንድ ቀን ተጨማሪ እያልኩ ቆየሁ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ጠሩኝ።

«ዘነበች፣ እስቲ እዪልኝ። ይህ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ? እኔ አይታየኝም። ግን ያኔም አልታየኝም።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ምንም ስንጥቅ የለም። ብየዳው እንደ መስተዋት ነው። «የለም» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ከግቢው በስተኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ዳር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ሩዛቸውን ከፍተው አልነኩትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ብሬከሩን፣ መለኪያውን፣ ወረቀቱን። ሳልጨርስ አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም።

«ስንት ደቂቃ?» አሉኝ።

«አርባ። ምናልባት ያነሰ።»

«ምድጃው ምን ያህል ቀዝቅዞ ነበር?»

«አላየሁም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«እንግዲያው ዓይኔ ደህና ነው» አሉ።

«ደህና ነው።»

«የቀሩት አሥራ ሦስቱ የት ናቸው?»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ያሰብኩት ስለ ራሴ፣ ሲበዛም ስለ እሳቸው ነበር። በዚያው ምድጃ ውስጥ ስለነበሩት፣ አሁን በየእሳት አደጋ ጣቢያው ስለተሰቀሉት አሥራ ሦስት ሴንሰሮች አንድም ቀን አላሰብኩም። ሎይዳ ፊቴን አይተው ገባቸው። ተነሡ።

«አሁኑኑ ገብተሽ ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም። እስከ በሩ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ።»

እስከ ግሬግ ቢሮ በር አብረውኝ ሄዱ። ውስጥ የገባሁት ብቻዬን ነው። ግሬግ ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ ያደረገው ስልክ ማንሣት ነበር። ካሜራዎቹን የሚገጥመው ድርጅት ዘንድ ደውሎ የአሥራ ሦስቱን ሴንሰሮች ቁጥር እየጠራ ከሥራ እንዲወጡ አደረገ። ቆሜ ጠበቅኩት። ስልኩን ሲያስቀምጥ፣ «ለምን?» አለኝ።

«ሊድ በሆንኩ በመጀመሪያው ወር መዘግየት አልፈለግሁም።»

«ብትዘገዪ ኖሮ» አለ፣ «የእኔ ቁጣ ሁለት ቀን ነበር የሚቆየው።»

አሥራ ሦስቱም ተሰብስበው ተመለሱ። አራቱ መድከም ጀምረው ነበር። ከሥራ አላባረሩኝም። ሊድነቱን ወሰዱብኝና ዕቃ ማጠቢያ ክፍል አስገቡኝ፤ አምስት ወር ሣጥንና ክዳን ሳጥብ ቆየሁ። ተገቢ ነበር። ለዚያ ሰው ደብዳቤ መጻፍ እፈልጋለሁ ብዬ ግሬግን ለመንኩት፤ ጠበቆቹ አይሆንም አሉ። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሆስፒታል መውጣቱን፣ ወደ እሳት ግን ዳግም አለመግባቱን ሰምቻለሁ። ጸሎት ላይ ስሙን ሳልጠራ አነሣዋለሁ።

ከማጠቢያ ክፍሉ ያወጡኝ ሎይዳ ናቸው። ለግሬግ፣ «እነዚያን አሥራ ሦስቱን እሷ ትያቸው፤ ከእሷ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም» አሉት። ከሥራ ሰዓቴ ሁለቱን ሰዓት ለዚያ ሰጡኝ። ሎይዳ ያዘዙኝ ነገር ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱን አብሪ፣ እዪ፣ ያየሽውን ጻፊ፤ ምክንያት አትፈልጊ።

አበራለሁ፣ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እጄን ከሴንሰሩ ፊት ስወዘውዝ አንድ ነገር አየሁ። በደህናዎቹ ላይ እጄ ሲያልፍ ከኋላው ፈዘዝ ያለ ጅራት ይጎትታል፤ ድልድዮቹ ለመቀዝቀዝ ጥቂት ስለሚቆዩ ነው። ጅራቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንደ ጉድለት ነበር የምናየው። በአራቱ የደከሙት ላይ ግን ጅራት የለም። እጄ ጥርት ብሎ ያልፋል። ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ እንቅስቃሴው ግን ንጹሕ ነው። ከቀሩት ዘጠኝ ደህናዎች አንዱን እንደገና አበራሁት። በፈተና ያለፈ፣ ምስሉም የሚያምር ነበር። ጅራቱ ግን ከሌሎቹ ያጥራል።

ወደ ራጄሽ ሄድኩና፣ «የሚሞቱት ጅራት የላቸውም» አልኩት።

«የምን ጅራት?»

ጎትቼ አምጥቼ አሳየሁት። እጁን ራሱ እያወዛወዘ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በዙሪያቸው ጋዝ ሲኖር ቶሎ ይቀዘቅዛሉ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ምስሉ ከመጥፋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ይታወቃል ማለት ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ዜኒ፣ እጅሽን ማወዛወዝ እንኳ አያስፈልግም። በትንሽ ኤሌክትሪክ አንዱን ድልድይ እናሞቀውና በምን ያህል ጊዜ እንደሚቀዘቅዝ እንለካለን።»

ያ ሐሳብ ሥራ ሆኖ እስኪወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ራጄሽ ሒሳቡንና የኤሌክትሪክ ዑደቱን ሠራ፤ እኔና ሎይዳ ሆን ብለን በተለያየ መጠን አየር ያስገባንባቸው ሣጥኖች እያዘጋጀን ሰጠነው። ዕቃ ለማበላሸት እንዲያ የተጠነቀቅኩበት ጊዜ የለም። በመጨረሻ ካሜራው በበራ ቁጥር ሴንሰሩ ራሱን በራሱ ይፈትሻል፤ ቫኪዩሙ መድከም ከጀመረ፣ ምስሉ ገና ደህና ሳለ፣ ቀይ ምልክት ያሳያል። ሰውየው እሳት ውስጥ ሳይገባ ያውቃል። ከዚህም ጋር አዲስ ደንብ ወጣ፤ የተዘጋ ዕቃ ሁሉ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ እንደገና ሳይለካ ከቤቱ አይወጣም።

ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ፣ ሊጠየቅበት ሲሆን ግሬግ ቴክኒሺያኖች በእንደዚህ ያለ ወረቀት ላይ አይገቡም አለ። ራጄሽ፣ «ጅራቱን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ያየሁት ነው ብዬ በመሐላ አልፈርምም» አለና ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጠበቃው ጋር ከተነጋገሩ በኋላ የራጄሽ፣ የሎይዳና የእኔ ስም ገባ። ጠበቃዋ ደውላ ፋሚሊ ኔም ስትጠይቀኝ የአባቴን ስም፣ ተሰማን፣ ሰጠኋት። አባቴ ኤሌክትሪክ ቤቱ ሳይገባ የሞተ ሰው ነው።

ድርጅቱ ከዚያ በኋላ አድጎ እዚያው አካባቢ ወዳለችው ኒውአርክ ተዛወረ። መንገዱ ለእኔ ለኦክላንድ ሰው ቀረበኝ። ግሬግ ወጣ፤ ራጄሽ አለቃ ሆነ። ሊድነቴን ከስድስት ዓመት በኋላ መለሱልኝ፤ ሎይዳ ጡረታ በወጡበት ወር ነበር። ፓተንቱ ታትሞ የመጣ ዕለት ሃይዋርድ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ድረስ ወሰድኩላቸው። ስማቸው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ «ይህን ደግሞ ማን ነው የመረመረው?» ብለው ሳቁ። ባለፈው ዓመት ዐረፉ።

በእኔ ዘመን ማብቂያ የወርቁን ሽቦ የሚሰፋው ማሽን ነው። ከእኔ እጅ የተሻለ ይሰፋል፤ አያስነጥሰውም፣ ቡና አይጠጣም። ቅር አላለኝም። ማሽኑ የሰፋውን ማየት፣ ሲስት ለምን እንደሳተ ማወቅ የሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አዳዲሶቹን ሳሠለጥን ያንን አርባ ደቂቃ እነግራቸው ነበር። አንዳንዶቹ ያፍሩልኛል፤ አንዳንዶቹ ስልካቸውን ያያሉ። ከወር በኋላ ግን አንዱ መጥቶ፣ «ዜኒ፣ ትናንት አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው፣ «ስንት ደቂቃ?» ብዬ ነው።

የመጨረሻ ቀኔ ዓርብ ነበር። ምሳ አበሉኝ፣ ሰዓት ሰጡኝ፤ ሜሮን ከምትሠራበት በርክሌ ሆስፒታል ፈቃድ ወስዳ መጥታ ከሰዉ ጋር ፎቶ ተነሣች። ሊመሽ ሲል ራጄሽ አንድ ትራቭለር ይዞ መጣ። ሃያ ሴንሰሮች ናቸው፤ እኔ የዘጋኋቸው የመጨረሻዎቹ።

«ፈርሚልኝና ሂጂ» አለኝ። «ሁሉም አልፈዋል። ደንበኛው እየጠበቀ ነው።»

«ሁለት ሳምንቱ የሚሞላው ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ እኮ አንቺ የለሽም። ሌላ ሰው ይለካቸዋል።»

«እኔ ነኝ የዘጋኋቸው። እመጣለሁ።»

ራጄሽ ወረቀቱን ሳይፈረም መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

ማክሰኞ ሄድኩ። የመግቢያ ባጄ አይሠራም፤ ዘበኛው «ቪዚተር» የሚል ወረቀት ደረቴ ላይ ለጠፈልኝ። እጄን ታጠብኩና ተቀመጥኩ። ሃያውን አንድ በአንድ ለካሁ። አሥራ ዘጠኙ ዓርብ እንደነበሩት ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። በጣም ትንሽ ልዩነት ነው፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ራጄሽን ጠርቼ አሳየሁት።

«ዓርብ ልልካቸው ነበር» አለ።

ወረቀቱ ላይ የሠራተኛ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። የእኔ ቁጥር ተሰርዟል። እዚያ ላይ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ፤ ከሥሩም «አሥራ ዘጠኝ አልፈዋል፣ አንድ አላለፈም» ብዬ ፈረምኩ። ራጄሽ ከእኔ ቀጥሎ ፈረመ። የደረቴን ወረቀት ልጬ ለዘበኛው መለስኩለትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።